ወላጅ ሆኖ ሠራዊት መቀላቀል፦ አምስት የአገልግሎት መንገዶች ሲነጻጸሩ

ለስድስት ወር ግዳጅ ስወጣ ልጄ አራት ዓመት ከሦስት ወሩ ነበር። እናቴ 26 የወረቀት ቀለበቶች ሠርታ አንዱን በአንዱ ውስጥ አቆላለፈችና ከአልጋው ራስጌ ሰቀለችለት። በየእሑዱ ማታ አንዱን ቀዶ ያወርዳል፤ ቀለበቱ ሲያልቅ እኔ እመጣለሁ። አራት ሲቀሩት ግዳጁ በሦስት ወር መራዘሙ ተነገረን። እናቴ ለልጁ እንዴት ብላ እንደምታስረዳው ጨንቋት፣ ሌሊት ተነሥታ 13 ቀለበት ቀጠለችበት። ጠዋት ልጁ ሰንሰለቱን ቀና ብሎ አየው። እስከ አራት መቁጠር ያውቅ ነበር። «እማማ፣ ይህ ነገር ያድጋል እንዴ?» አላት።

ሠራዊት ለመግባት የሚያስብ ወላጅ ብዙውን ጊዜ የሚያነጻጽረው ደመወዝን ከደመወዝ፣ አበልን ከአበል ነው። እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነበር። ልጁ ቤት ቀርቶ የሚሸከመው ነገር ግን በአብዛኛው የሚወሰነው በሌላ ጉዳይ ነው፦ ምድቡ ምን ያህል አስቀድሞ ይታወቃል? ከታወቀ በኋላስ ምን ያህል ይጸናል? ረጅም ሆኖ ቀኑ የታወቀ መለያየት ከአጭርና ካልታወቀ መለያየት ይልቅ ለቤተሰብ ይቀላል ብዬ አምናለሁ፤ ከዚህ በታች ያለው ንጽጽርም በዚህ እምነት ላይ የቆመ ነው።

የየአገሩ ደንብ ይለያያል። በብዛት የአሜሪካንና የብሪታንያን ጦር በምሳሌነት የምጠቅሰው ደንቦቻቸው በይፋ ስለሚታተሙ ነው። አንባቢ የሚገባበትን ሠራዊት በእነዚሁ ጥያቄዎች ይመርምር።

መለኪያዎቹ

የመጀመሪያው የማስጠንቀቂያ ጊዜ ነው፤ ትእዛዙ ከደረሰ እስከ መንቀሳቀሻው ሰዓት ስንት ቀን አለ? በአሜሪካ ጦር 82ኛው አየር ወለድ ክፍለ ጦር ውስጥ ያለው ፈጥኖ ደራሽ ኃይል ጥሪው በደረሰ በ18 ሰዓት ውስጥ ለመነሣት የተዘጋጀ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ሞግዚት መፈለግ አይቻልም፤ ሞግዚቱ አስቀድሞ የተገኘ መሆን አለበት።

ሁለተኛው የመለያየቱ ርዝመትና ድግግሞሽ ነው። የብሪታንያ ጦር አንድ ወታደር በ36 ወራት ውስጥ ከቤቱ ተለይቶ የሚቆይበት ጊዜ ከ498 ቀናት እንዳይበልጥ መመሪያ አለው። እንዲህ ያለ ጣሪያ መኖሩ ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም ጣሪያው ራሱ ሲሰላ ከሦስት ዓመት ውስጥ አንድ ዓመት ከአራት ወር ገደማ መሆኑን ልብ ይበሉ።

ሦስተኛው የምድቡ ጽናት ነው። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2007 የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ኢራቅና አፍጋኒስታን ያሉ የመደበኛ ጦር ክፍሎች የግዳጅ ጊዜ ከ12 ወደ 15 ወር ከፍ እንዲል ወስኗል። ውሳኔው ገና የሚሄዱትን ብቻ ሳይሆን እዚያው የነበሩትንም ይመለከት ነበር። ቤት ያለ ልጅ የልደት ቀን ቆጥሮ ሲጠብቅ ቀኑ በአንድ መግለጫ ተቀየረ ማለት ነው። ማን፣ በምን ሥልጣን፣ ለስንት ጊዜ ማራዘም እንደሚችል በውሉ ላይ ፈልገው ያንብቡ።

የቀሩትን በአጭሩ ልጥቀሳቸው። ቤተሰብ ወደ ምድቡ መከተል ይችላል ወይ? ውሉ ስንት ዓመት ያስራል? የልጅ ማቆያ ወጪ ሲቀነስ ከደመወዙ ምን ይተርፋል? ወላጁ ቢሞት ወይም አካሉ ቢጎድል ልጁ ምን ያገኛል፣ በማንስ እጅ ያገኛል? የመጨረሻውን ጥያቄ ሰው ለመጠየቅ ያፍራል፤ መልማይ ፊት ሲቀመጡ ግን መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ቢሆን እመርጣለሁ።

ሀ. መደበኛ ሠራዊት፣ ተዋጊ ክፍል

እግረኛ፣ ታንከኛ፣ መድፈኛና የመሳሰሉት እዚህ ይመደባሉ። መለያየቱ የሚጀምረው ከሥልጠናው ነው። በአሜሪካ ጦር መሠረታዊ ሥልጠናው 10 ሳምንት ሲሆን፣ እግረኛ የሚሆን ምልምል ግን መሠረታዊውንና የሙያ ሥልጠናውን በአንድ ቦታ አጣምሮ 22 ሳምንት ይቆያል። በዚህ ጊዜ ስልክ እንደ ልብ አይገኝም፤ ልጅን በየማታው ማነጋገር የማይታሰብ ነው።

የዚህ መንገድ ጥቅም ክፍሉ የሚንቀሳቀሰው በአንድነት መሆኑ ነው። አብረው የሠለጠኑ አብረው ይሄዳሉ፤ የሚስቶቻቸውም የባሎቻቸውም ስልክ ከአንድ ዝርዝር ላይ ይገኛል፤ አንዱ ቤት የተሰማው ወሬ ሌላው ቤት ይደርሳል። ብዙ ሠራዊቶች ክፍሎቻቸውን በዙር ስለሚያዘጋጁም (አንዱ ሲሠለጥን ሌላው በተጠንቀቅ ይቆማል፣ ሦስተኛው ያርፋል) ክፍሉ አሁን በየትኛው ዙር ላይ እንዳለ የጠየቀ ወላጅ የሚመጣውን ዓመት በግምት ማየት ይችላል። አደጋው ግን ከሁሉም የከፋ ነው፤ ይህን ማለዘብ አይገባም።

ለ. መደበኛ ሠራዊት፣ ድጋፍ ሰጪ ሙያ

ሕክምና፣ መገናኛ፣ ጥገና፣ ሎጂስቲክስ፣ ፋይናንስ፣ ኮምፒውተር ነክ ሥራዎች። ወላጆች በብዛት የሚመርጡት ይህን ነው፤ ምክንያቱም «ቢሮ ነው» ይባላል። እኔም በዚህ ተማምኜ ነበር ወደ መገናኛ የገባሁት።

አንድ ጥያቄ ቢጠየቅ ብዙ ነገር ይጠራል፦ ሙያው የሚከተለው ሕንፃን ነው ወይስ ወታደርን? የሆስፒታል ላቦራቶሪ ባለሙያ፣ የሥልጠና ማዕከል አስተማሪ፣ የዋና መምሪያ የሒሳብ ሠራተኛ በአብዛኛው ሕንፃን ይከተላሉ። የጦር ሜዳ ነርስ፣ የራዲዮ ኦፕሬተር፣ የተሽከርካሪ መካኒክ ወታደር የሄደበት ይሄዳሉ። ሁለቱም በወረቀት ላይ «ድጋፍ ሰጪ» ይባላሉ፤ ኑሯቸው ግን አይገናኝም።

ሌላው የማይነገር ነገር ደግሞ ይህ ነው። ብርቅ ሙያ ያለው ሰው ብዙ ጊዜ ብቻውን ተነጥሎ ለሌላ ክፍል ይመደባል። እኔ የተላክሁት ከማላውቀው ክፍል ጋር ነበር። ግዳጁ ሲራዘም የዚያ ክፍል ቤተሰቦች በአንድ ቀን ተነገራቸው፤ የእናቴ ስልክ ግን ከዝርዝራቸው ላይ ስላልነበረ ወሬውን የሰማችው ከአምስት ቀን በኋላ ከእኔው አንደበት ነው። ስለዚህ ድጋፍ ሰጪ ሙያ የሚመርጥ ወላጅ በተናጠል የመመደብ ዕድሉን ይጠይቅ፤ ሲመደብም የቤተሰቡን ስልክ በተመደበበት ክፍል ዝርዝር ላይ በእጁ ያስመዝግብ።

ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ሙያው ከሠራዊቱ ሲወጡም አብሮ ይወጣል።

ሐ. ተጠባባቂ ኃይል

በዚህ ላይ ረዘም አድርጌ መጻፍ እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ለወላጅ በጣም የሚመች የሚመስለውም፣ በጣም የሚያሳስተውም ይኸው ነው።

በሰላም ጊዜ የሚገመት አገልግሎት ነው። በአሜሪካ የብሔራዊ ዘብና የተጠባባቂ ጦር አባል በመደበኛው በወር አንድ የሳምንት መጨረሻ፣ በዓመት ደግሞ ሁለት ሳምንት ይሠለጥናል። በብሪታንያ የሚጠበቀው እንደ ክፍሉ ዓይነት በዓመት 19 ወይም 27 ቀን ያህል ነው። ልጁ ከትምህርት ቤቱ አይነቀልም፤ ወላጁ የሲቪል ሥራውን አይለቅም፤ ቤቱ እዚያው ነው። የዓመቱን የሥልጠና ቀናት አስቀድመው ግድግዳ ላይ መለጠፍ ይችላሉ። (የልጅ ማቆያዎች ቅዳሜና እሑድ በአብዛኛው ዝግ መሆናቸውን ግን አይርሱ፤ በወር አንዴ የሚገጥም ችግር ትንሽ ይመስላል፣ በዓመት 12 ጊዜ ሲመጣ ግን የዘመድን ትዕግሥት ይፈትናል።)

በጦርነት ጊዜ ነገሩ ይገለበጣል። ከሴፕቴምበር 2001 በኋላ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ የአሜሪካ ብሔራዊ ዘብና ተጠባባቂ አባላት ለግዳጅ ተጠርተዋል። ብዙዎቹ «በወር አንዴ» ብለው የገቡ፣ ሱቅ ያላቸው፣ አስተማሪ የሆኑ፣ ልጅ የሚያሳድጉ ሰዎች ነበሩ። ተጠባባቂው የሲቪል ኑሮው እንዳለ በአንድ ወረቀት ይቆማል። ሕግ ሥራውን ይጠብቅለታል፤ እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው የአሜሪካ ሕግ፣ ልዩ ሁኔታዎች እንደተጠበቁ ሆነው፣ በአንድ አሠሪ ዘንድ በድምሩ እስከ አምስት ዓመት አገልግሎት ሄዶ የተመለሰን ሠራተኛ ወደ ሥራው እንዲመለስ ያስገድዳል። ነገር ግን የራሱን ንግድ ለሚያንቀሳቅስ ወላጅ ደንበኛን የሚጠብቅለት ሕግ የለም።

ለልጁም የተጠባባቂነት ብቸኝነት አለው። በጦር ሰፈር የሚያድግ ልጅ ጎረቤቱም፣ የክፍል ጓደኛውም ወላጃቸው ሄደዋል፤ መምህሩም ይህን ያውቃል። የተጠባባቂ ልጅ ግን በትምህርት ቤቱ እናቱ ወይም አባቱ የዘመተ ብቸኛው ልጅ ሊሆን ይችላል። ጥሪ እንደመጣ ለመምህሩና ለትምህርት ቤቱ አማካሪ በአካል ሄዶ መንገር ከሚደረጉ ነገሮች ሁሉ የመጀመሪያው ይሁን።

የእኔ አስተያየት ይህ ነው፦ አገሩ ጦርነት ላይ ከሆነ ወይም ወደዚያ እያመራ ከሆነ፣ ተጠባባቂነትን እንደ መደበኛ አገልግሎት ቆጥሮ መዘጋጀት ያስፈልጋል፤ የማስጠንቀቂያ ጊዜው ካልተጻፈ በስተቀር ግማሽ አገልግሎት ነው ብሎ መግባት ልክ አይደለም።

መ. በመከላከያ ሥር ሲቪል ሠራተኛ

ሠራዊቱን ማገልገል የሚፈልግ ነገር ግን መለያየት ለማይችል ወላጅ ይህ የተዘነጋ አማራጭ ነው። መሐንዲስ፣ ሐኪም፣ መጋዘን ጠባቂ፣ የጽሕፈት ሠራተኛ፣ ፕሮግራመር ሆኖ መቀጠር ይቻላል። ቦታው በቅጥሩ ላይ ይጻፋል፤ ካልተስማማም መልቀቅ ይቻላል። ወታደራዊ ማዕረግ፣ ወታደራዊ ጡረታና ወታደራዊ ጥቅማ ጥቅም የለውም። አንዳንድ መደቦች በአስቸኳይ ጊዜ የመሰማራት ግዴታ አለባቸው፤ ያ አንቀጽ ካለ ይነበብ።

ሠ. ልጁ እስኪያድግ መጠበቅ

መጠበቅም ምርጫ ስለሆነ በመለኪያው ይመዘን። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ዓመታት ጆን ቦውልቢና ጄምስ ሮበርትሰን የተባሉት ተመራማሪዎች ከወላጅ የተለዩ ሕፃናትን ተከታትለው ሦስት ደረጃዎችን ገልጸዋል፤ መጀመሪያ ለቅሶና እምቢታ፣ ቀጥሎ ተስፋ መቁረጥ፣ በመጨረሻም ወላጁ ሲመለስ እንኳን ፊት ማዞር። የእኔው ልጅ ከዘጠኝ ወር በኋላ በሩን ስገባ ሮጦ ከእናቴ ቀሚስ ጀርባ ተሸሸገ፤ እጄን ስዘረጋ አያቱን ቀና ብሎ ፈቃድ ጠየቀ። ይህ ጥላቻ እንዳልሆነ ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ያን ሌሊት አላለቅስም ነበር።

ስለዚህ ከጥቂት ወራት እስከ አራት ዓመት ገደማ ያለው ዕድሜ፣ ልጁ ወላጁን አጥብቆ የሚያውቅበት ነገር ግን «ስድስት ወር» ምን እንደሆነ የማይገባው ዘመን፣ ከሁሉም ይከብዳል ባይ ነኝ። ለአሥራዎቹ ልጅ ደግሞ ከመለያየቱ ይልቅ ዝውውሩ ይጎዳል። መጠበቅ ዋጋ እንዳለውም አይዘንጋ፤ ሠራዊቶች የዕድሜ ጣሪያ አላቸው፣ አካልም ይደክማል። ልጁ ሲያድግ እገባለሁ የሚል ሰው ዓመቱን ወስኖ ይጻፈው።

ምድብ ሲወጣ ቤተሰቡ የት ይሁን?

የትኛውም መደበኛ አገልግሎት ቢመረጥ ይህ ጥያቄ ተከትሎ ይመጣል። በአሜሪካ ጦር ቤተሰቦች ብዙውን ጊዜ በየሁለት እስከ አራት ዓመቱ ይዛወራሉ፤ ቤተሰብ የማይከተልባቸው ምድቦችም አሉ፤ በደቡብ ኮሪያ ለረጅም ዘመን የተለመደው የአንድ ዓመት ምድብ ከእነዚህ አንዱ ነው። ቤተሰቡ አብሮ ቢሄድ ወላጁ በእራት ሰዓት ቤት ይገኛል፤ ነገር ግን አያት፣ አክስትና ጎረቤት ይርቃሉ፣ የባል ወይም የሚስት ሥራ ይቋረጣል፣ እዚያ በደረሱ በሳምንቱ ወታደሩ ለግዳጅ ቢወጣ ደግሞ ቤተሰቡ በማያውቀው ከተማ ብቻውን ይቀራል። በአንድ ቦታ ቢቀመጥ ልጁ ሥር ይሰዳል፤ የቤት ወጪ ግን ሁለት ይሆናል። ምድቡ ከሁለት ዓመት በታች ከሆነና ልጁ ትምህርት የጀመረ ከሆነ እኔ መቅረቱን እመርጣለሁ። ልጁ ትምህርት ካልጀመረ አብሮ መሄዱ ይሻላል።

በአንድ ሠንጠረዥ

| መለኪያ | ተዋጊ ክፍል | ድጋፍ ሰጪ | ተጠባባቂ | ሲቪል ሠራተኛ | መጠበቅ |
|---|---|---|---|---|---|
| የማስጠንቀቂያ ጊዜ | ከሰዓታት እስከ ወራት | እንደ ሙያው ይለያያል | በሰላም ጊዜ ረጅም፣ በጦርነት አጭር | በቅጥር ውሉ የታወቀ | ራስዎ ይወስናሉ |
| ከቤት የመለየት ብዛት | ከፍተኛ | መካከለኛ | በሰላም ጊዜ ዝቅተኛ | በጣም ዝቅተኛ | የለም |
| የምድብ ጽናት | ዝቅተኛ | ሕንፃን ለሚከተል ሙያ ጥሩ | በጥሪ ይፈርሳል | ከፍተኛ | አይመለከተውም |
| ቤተሰብ መከተል | አንዳንዴ | ብዙ ጊዜ | አያስፈልግም | አያስፈልግም | አይመለከተውም |
| ከውል መውጣት | አስቸጋሪ | አስቸጋሪ | አስቸጋሪ | ቀላል | ነጻ |
| ገቢ | ቋሚ፣ የግዳጅ አበል ያለው | ቋሚ | ተጨማሪ ገቢ ብቻ | ቋሚ | አሁን ያለው |
| አደጋ | ከፍተኛ | ይለያያል | ሲጠሩ እንደ ክፍሉ | ዝቅተኛ | የለም |

«ከውል መውጣት» ላይ አንድ ነገር ልጨምር። በአሜሪካ ጦር አንድ ሰው ለአራት ዓመት ቢፈርምም ጠቅላላ ግዴታው ስምንት ዓመት ነው፤ የቀረውን በተጠባባቂነት ይቆያል፣ ሊጠራም ይችላል። በውል ላይ ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች ካዩ ትልቁን ይያዙ።

ለማን የቱ?

ልጅን ለብቻው የሚያሳድግ ወላጅ በቅድሚያ ደንቡን ይመልከት። በአሜሪካ ጦር ለብቻቸው የሚያሳድጉና ሁለቱም ወታደር የሆኑ ወላጆች ልጁን በአጭርና በረጅም ጊዜ የሚረከቡትን ሰዎች ስም የያዘ የቤተሰብ እንክብካቤ ዕቅድ ማዘጋጀት ግዴታቸው ነው፤ ዕቅዱ ከሌለ ከአገልግሎት እስከ መሰናበት ሊያደርስ ይችላል። እንዲህ ያለ ወላጅ አስተማማኝ አሳዳጊ ካለው ሕንፃን የሚከተል ድጋፍ ሰጪ ሙያ ይፈልግ፤ ከሌለው ሲቪል ሠራተኛነት ይሻለዋል። ተጠባባቂነት ለዚህ ወላጅ ያሳስበኛል፤ ጥሪው የሚመጣው ተዘጋጅተው ባልጠበቁት ወቅት ነውና።

ሁለቱም ወታደር ለሆኑ ባልና ሚስት፣ አብሮ የመመደብ ጥያቄ ይቀበላል የሚባል ሠራዊት እንኳን ዋስትና አይሰጥም። አንዱ ሕንፃን የሚከተል ሙያ ቢይዝ ልጁ ቢያንስ አንድ ወላጅ አያጣም።

ሕፃን ላላቸው የሚጠቅሙ ደንቦች አሉ። የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ የወለደች ወታደር ለ12 ወር ለግዳጅ እንዳትሰማራ ይፈቅዳል። በብሪታንያ ከኤፕሪል 2019 ጀምሮ መደበኛ ወታደር ለተወሰነ ጊዜ ከቤቱ የሚለይበት ቀን በዓመት ከ35 እንዳይበልጥ ማመልከት ይችላል፤ ከባድ አገራዊ ችግር ሲመጣ ግን ይህ ሊነሣ ይችላል። በሚገቡበት ሠራዊት ተመሳሳይ ደንብ ካለ በዚያ ተመርኩዞ መግባት ይቻላል፤ ከሌለ መጠበቁን እመክራለሁ።

ልዩ ሕክምና የሚያስፈልገው ልጅ ላላቸው፣ ምደባ ከመሰጠቱ በፊት የልጁ ፍላጎት የሚመዘገብበት አሠራር መኖሩ ወሳኝ ነው። አሠራሩ ከሌለ ዝውውር የሚበዛበትን አገልግሎት ይተዉት።

ተቀማጭ ለሌለውና ቋሚ ገቢ ለሚያስፈልገው ወላጅ መደበኛ ሠራዊት የሚሻል ይመስላል፤ በብዙ ቤት እውነትም ነው። ይሁንና የመጀመሪያው ደመወዝ እስኪገባ፣ የልጅ ማቆያም እስኪገኝ፣ ቢያንስ የሦስት ወር የልጅ ወጪ በአሳዳጊው እጅ መኖር አለበት። ይህ ከሌለ መግቢያውን በጥቂት ወራት ማዘግየት ይሻላል። ጥሩ ሥራ ላለውና የሚያነሣሣው አገልግሎቱ ብቻ ለሆነ ሰው ተጠባባቂነት፣ ከዚህ በላይ ያልኩት ሁሉ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ይስማማዋል።

ከመፈረም በፊት

መልማዩ የሚሰጠው የቃል ተስፋ ከውሉ ጋር ካልተገናኘ የለም ማለት ነው፤ ምድብን፣ ሙያን፣ ቦታን በሚመለከት የተባለው ሁሉ በጽሑፍ ይሁን። የአሳዳጊው ውክልና የሕክምና ፈቃድን በስም ይጥቀስ፤ የሚያበቃበት ቀንም ከግዳጁ ማብቂያ ቢያንስ በስድስት ወር ይለፍ። የእናቴ ውክልና ለስድስት ወር ብቻ የተሰጠ ነበር። የተራዘመው ጊዜ በጀመረ በሦስተኛው ሳምንት ልጄ ወድቆ ክንዱ ተሰበረ፤ ሆስፒታሉ ማደንዘዣ ለመስጠት የሚጸና ወረቀት ጠየቀ፤ እናቴም ልጁን ታቅፋ፣ ቀኑ ያለፈበትን ውክልና በእጇ ይዛ፣ እኔ በስልክ እስክገኝ አራት ሰዓት ኮሪደር ላይ ተቀመጠች። ቀኑን የጻፍኩት እኔ ነበርኩ።

ለልጁም ቀን አይስጡት። በሁለተኛው ግዳጄ እናቴ ከአልጋው ራስጌ አንድ ቀለበት ብቻ ሰቀለች። በየእሑዱ ማታ ልጁ አንድ ይጨምራል፤ በቀለበቱም ላይ በዚያ ሳምንት ያደረገውን ይሥላል፤ የወለቀ ጥርስ፣ ዝናብ፣ የመምህሩን መነጽር። ያ ግዳጅም ተራዘመ፤ በዚህ ጊዜ ግን ሌሊት ተነሥቶ የሚቀጠል ነገር አልነበረም። ስመለስ ሰንሰለቱ 31 ደርሶ መሬት ነክቶ ነበር። ልጄ ከታች ጀምሮ አንድ በአንድ እየያዘ አነበበልኝ።